ደወል ያልነበረው ትምህርት ቤት

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን መሥሪያ ቤቱ ሻይ ጋብዞ ሲያሰናብተኝ ወጣቶቹ መሐንዲሶች ከበቡኝ። ከመካከላቸው አንዷ፣ «ጋሽ ሳሙኤል፣ እስቲ ከልጅነትዎ ይጀምሩልን። የት ነው የተማሩት?» አለችኝ። በፍቅር ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ በሩ አጠገብ የቆመው ማን እንደሆነ አየሁ። ከዚያም፣ «የኔ ልጅነት ተራ ነው፤ ስለ ቁፋሮ ብነግርሽ ይሻላል» ብዬ አለፍኳት። ቤት ስገባ ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ ሳቀችብኝ። «እኔስ መቼ ነገርከኝና!» አለች። እውነቷን ነው። «የት ተማርክ?» ስባል የምደነግጠው በረሃ ላይ በዘነበ አንድ ዝናብ ምክንያት ነው። እሱን ልጻፈው።

የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበርኩ። ሥራ የጀመርኩት በደርግ ዘመን፣ ሀዋሳን አዋሳ እያልን በምንጠራበት ጊዜ ነው። ከተማዋ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ስለነበረች ማሽኖቹ የሚያድሩት እኛ ዘንድ ነው። ከዚያ ተነስተን ይርጋለም፣ ዲላ፣ ሀገረ ማርያም፣ አልፎ አልፎም እስከ ቦረና በረሃ እንወርዳለን። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ የበረሃ አበሉ ደግሞ ሁልጊዜ ይዘገያል። አለቆች ተለዋውጠውብናል። አንዱ ከቢሮው ወጥቶ ጉድጓድ አይቶ አያውቅም። ሌላው ባየን ቁጥር ስለ ዕቅድ መፈጸም ንግግር ያደርግልን ነበር። ሥራውን ያስተማረኝ ግን ጋሽ ታደሰ ነው።

የዚያን ጊዜው ማሽን እንደ ዛሬዎቹ የሚሽከረከር አልነበረም። ከሰው ቁመት የሚበልጥ ከባድ ብረት በሽቦ ገመድ ይንጠለጠላል፤ ሞተሩ ከፍ ያደርገውና ይለቀዋል፤ ብረቱ ወርዶ መሬቱን ይቀጠቅጣል። የደቀቀው ድንጋይ ከውሃ ጋር ጭቃ ይሆንና በረጅም ባልዲ ይወጣል። ጋሽ ታደሰ ቀኑን ሙሉ መዳፉን ከዚያ ገመድ ላይ አያነሳም ነበር። ብረቱ ጥቁር ድንጋይ ሲመታ ገመዱ ይዘላል፤ ሸክላ ሲያገኝ ይሰንፋል፤ ስንጥቅ ካለ ወደ ጎን ይሸሻል። እሱ ይህን ሁሉ በመዳፉ ያነብ ነበር። የወጣውን ጭቃ በጣቶቹ መሐል ካሸ በኋላ ቅንጣት ያህል ጥርሱ ላይ ያደርጋል። አሸዋ ካለበት ጥርሱ ይነግረዋል። ከሁሉ በላይ የሚጠብቃት አንዲት ሕግ ነበረችው፤ ሞተር ከመቆሙ በፊት ብረቱ ከጉድጓዱ ይወጣል። ለምሳም ቢሆን ይወጣል። «መሬት ይተኛል ብለህ እንዳታምነው። ብረትህን ውስጡ ትተህ ከሄድክ ያቅፈዋል» ይለኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ኦርቶዶክስ ነው፤ እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር እሑድ እሑድ ቅቤ በምትሸጥ አንዲት መበለት ቤት በጥቂቱ እየሆንን እንሰበሰብ ነበር። እማማ ዱካሌ እንላታለን። እየገባን እየወጣን ሰው እንዳያየን አንዱ ቅል፣ አንዱ ቅርጫት ይዞ ቅቤ ገዢ መስሎ ይመጣ ነበር። ለጋሽ ታደሰ ይህን ነግሬው አላውቅም፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ሀገረ ማርያም ምሳ ልንበላ ስንል ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ አየኝ። ጎንበስ ብሎ፣ «ሰው ባለበት ዓይንህን አትጨፍን» አለኝ።

በዚያው ጉዞ ማሽኑ ተሰብሮ መለዋወጫ ስንጠብቅ ስለ ትምህርት ቤቴ አጫወትኩት። ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ያለች ሁለት ክፍል የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበረች። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። አስተማሪያችን አቶ ዳንጊሶ ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አይሰማም። ስለዚህ ንግግሩን ይተውና ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ጥያቄ ይጽፋል። እኛ መልሱን በጣታችን እናሳያለን። እሱ በአግዳሚዎቹ መሐል እየዞረ ትክክል ያሳየውን ራሱን ይዳብሰዋል፤ ያበዛውን አንዱን ጣት ቀስ አድርጎ ያጥፍለታል። ዝናቡ ሲያባራ፣ «ዛሬ ማንም ለማንም ሹክ አላለም፤ ሁላችሁም የራሳችሁን ነው ያወቃችሁት» ይለን ነበር። ጋሽ ታደሰ በጣም ሳቀ። የጣቱን ነገር ደጋግሞ አስነገረኝ። ከእሱ በቀር ይህን ለማንም አላወራሁም።

አየነው የሚባለው ሰው ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ጓድ አየነው የነዳጅና የንብረት ተቆጣጣሪ ሆኖ ተመድቧል» ተባልን። ወፍራም፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። በርሜል የሚቆጣጠር ሰው እጁ ናፍታ ናፍታ ይሸታል፤ የእሱ ሳሙና ነው የሚሸተው። ሰው ሲያወራ እሱ ጫማውን ያስራል። ሠራተኛው በሙሉ ጆሮ ጠቢ ነው ብሎ ደመደመ። ማረጋገጫ ግን አልነበረንም። ያኔ ማረጋገጫ የሚመጣው ሰው ከታሰረ በኋላ ነው። እሱ ሲመጣ ስለ ዝናብና ስለ ከብት ዋጋ እናወራለን፤ ሲሄድ ደግሞ እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። ከመካከላችን ማን ከእሱ ጋር እንደሚያወራ አናውቅምና።

ያን ዓመት ከያቤሎ በታች ያለ ቆላ ወረድን። ሣር የሚባል አልነበረም። ከብቱ የግራር ጥላ ሥር ቆሞ ይተነፍሳል። ሴቶቹ ለውሃ ንጋት ላይ ወጥተው የሚመለሱት ቀኑ ሲመሽ ነው። አንድ ጃርሶ የሚባሉ ሽማግሌ በየቀኑ መጥተው ማሽኑ አጠገብ በርጩማቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። አማርኛ በጥቂቱ ይችላሉ። «ብረቱ ደረሰ?» ይሉናል። «ገና ነው» እንላቸዋለን። አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ጭቃውን ጥርሱ ላይ አድርጎ ቆየና መዳፉን ወደ ሽማግሌው ዘረጋ። እሳቸውም ቀመሱ። አሸዋ ነበረበት፤ ውሃው ቀርቧል ማለት ነው። ሁለቱ ተያዩ።

ዝናቡ የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። በዚያ ወቅት ዝናብ ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። አየነው በርሜሎቹን ከፋፍቶ በእንጨት እየነከረ ናፍታውን ሲለካ ሳለ ሰማዩ ጠቆረ፤ አቧራው ከመሬት ተነሳ፤ ከዚያ ትልልቅ ጠብታ እየመታን ሁላችንም ሮጥን። ጋሽ ታደሰ ብረቱን አስወጥቶ ከሌሎቹ ጋር ማሽኑ ሥር ሸራ ለብሶ ተቀመጠ። እኔ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ገባሁ። ወዲያው ሌላኛው በር ተከፈተና አየነው ገብቶ ጎኔ ተቀመጠ።

ዝናቡ የጋቢናውን ቆርቆሮ መደብደብ ጀመረ። ድምፁን ስሰማ የአቶ ዳንጊሶ ክፍል ሳላስበው መጣብኝ። የእርጥብ ልብስ ሽታ፣ ጠመኔው፣ ጣቴን የሚያጥፈው የእሱ ደረቅ እጅ። ውጭ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ጭቃው ላይ ይዘላሉ፤ ሴቶቹ ያላቸውን ዕቃ ሁሉ አውጥተው ደርድረዋል። እንደዚያ ያለ ደስታ በረሃ ላይ አይቼ አላውቅም። ልቤ ለሰለሰ። ሰው የሚጠቃው እንደዚያ ባለ ሰዓት ነው መሰለኝ።

አየነው ወደ ጣሪያው እያየ፣ «ይህ ድምፅ ትምህርት ቤታችንን አያስታውስህም?» አለኝ።

«የቱን ትምህርት ቤት?»

«የአቶ ዳንጊሶን ነዋ። ዝናብ ሲመጣ በጣት መልስ የምንሰጠውን። አንተ አታስታውሰኝም፤ ትንሽ ነበርክ። እኔ ከፍ ያልኩ ነበርኩ፤ አንድ ዓመት ተምሬ ወጣሁ።»

ደነገጥኩ። በአንድ በኩል ደስ አለኝ፤ ያን ክፍል የሚያውቅ ሰው በዚያ በረሃ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ፊቱን መረመርኩት። ሊሆን ይችላል። ብዙ ልጅ አንድ ዓመት እየተማረ ይወጣ ነበር።

«እርስዎ እዚያ ነበሩ ለካ» አልኩት።

«አንተ በለኝ እንጂ። አብሮ አደግ አይደለን?» ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። «መዝሙሩ ይናፍቀኛል። ለሰው አልናገርም፤ ታውቃለህ ጊዜውን። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡት አሁንም አዋሳ ውስጥ ይገናኛሉ ይባላል። የት ነው? አንድ እሑድ ብትወስደኝ።»

ዝናቡን አየሁ። እውነተኛ ከሆነ የተጠማ ወንድም ነው፤ ፊቴን ባዞርበት እግዚአብሔር ይጠይቀኛል። ካልሆነ ደግሞ እማማ ዱካሌንና ልጆቿን በእጄ አሳልፌ መስጠቴ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ታየኝ።

ፈገግ ብዬ፣ «ያ የመኪና ቸርኬ ደወልስ ትዝ ይልሃል?» አልኩት። «ዛፉ ላይ የተሰቀለው።»

«እንዴት ይረሳል» አለ ወዲያው። «ጠዋት ጠዋት በብረት ሲመቱት ድምፁ ሐይቁ ድረስ ይሰማ አልነበር?»

ትምህርት ቤታችን ደወል አልነበረውም። አቶ ዳንጊሶ ኮረብታው ላይ ወጥቶ የከብት ቀንድ ነበር የሚነፋልን። አንድ ቀን እንኳ የተማረበት ልጅ ያን ቀንድ አይረሳውም።

«የት እንደሚገናኙ እኔ አላውቅም» አልኩት። «እኔ እሑድ ሐይቅ ዳር ወርጄ ዓሣ ነው የምገዛው።» እሱም ሳቀና፣ «ዓሣው ይጣፍጣል?» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ዝናቡን አዳመጥን።

አእምሮዬ ግን እሱ ላይ አልነበረም። የጣቱን ነገር ማን ነገረው? በመስታወቱ ወደ ማሽኑ ተመለከትኩ። ጋሽ ታደሰ ሸራውን ተከናንቦ የመኪናውን ጋቢና ያይ ነበር። ዓይናችን ሲገጣጠም ፊቱን አዞረ።

ዝናቡ ሲያባራ አየነው ወርዶ ሥራ ይጀመር አለ። ጋሽ ታደሰ፣ «መሬቱ ሰክሯል። ጎርፉ ወደ ጉድጓዱ አፍ ገብቷል። ነገ ይሻላል» አለው።

«ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቷል» አለ አየነው። «ዝናብን ምክንያት አድርጎ ሥራ ማቆም ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቃሉ።»

ጋሽ ታደሰ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። እኔን በእጁ ጠቀሰኝ። ከበርሜል ናፍታ ቀድቼ ሞላሁ፤ ብረቱ ወረደ። ጥቂት እንደሠራን ሞተሩ ማሳል ጀመረ። ጋሽ ታደሰ፣ «አውጣው፣ አውጣው» አለ፤ እጀታውን ሳብኩ፤ ብረቱ ትንሽ ከፍ እንዳለ ሞተሩ ጠፋ። ዝምታው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ ከታች አንድ የታፈነ ድምፅ ሰማን። የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ብረቱን አቀፈው።

የናፍታ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቼ የወጣውን በጣሳ ተቀበልኩ። ከናፍታው በታች ውሃ ተኝቷል። አየነው ጠዋት ሲለካ የከፈታቸውን በርሜሎች ዝናቡ ሲመጣ የከደናቸው አልነበረም። ጣሳውን አየሁ፤ አየነውን አየሁ። እሱም ጣሳውን አየ።

ብረቱን ለማውጣት ያልሞከርነው ነገር የለም። በመኪና ጎተትን፤ ውሃ እያፈሰስን አለሰለስን፤ መንጠቆ አበጅተን አወረድን። ጋሽ ታደሰ መዳፉን ገመዱ ላይ አድርጎ ሰዓታት ይቆም ነበር፤ የታመመ ሰው የደም ሥር የያዘ ይመስላል። በመጨረሻ ገመዱ ተበጠሰ። ያን ጊዜ እጁን አነሳና ሱሪው ላይ ጠረገ። ጃርሶ በርጩማቸውን ይዘው መጡ። የዝናቡ ኩሬ መድረቅ ጀምሮ ሴቶቹ እንደገና ባዶ ዕቃ ተሸክመው ሩቅ ይሄዱ ነበር። «ብረቱ ደረሰ?» አሉ እንደ ወትሮው። ጋሽ ታደሰ፣ «ቀረ፣ አባቴ» አላቸው። ሽማግሌው የጉድጓዱን አፍ አይተው፣ «ውሃው ከሥሩ ነበር እኮ» አሉና ሄዱ። አፉን በድንጋይ ዘግተን ጓዛችንን ጠቀለልን።

ሀዋሳ እንደገባሁ ወደ እማማ ዱካሌ ቤት አልሄድኩም። ከኋላዬ ሰው ካለ መንገድ መምራት ነው። ገበያ ቅቤዋን ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። እንደ ገዢ ጎንበስ ብዬ ቅቤውን እያሸተትኩ በሲዳምኛ፣ «እንግዳ እየመጣብሽ ነው፤ ቤትሽ ይጠብባል» አልኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ቅቤውን በቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ «እንግዲያው ጎረቤት ይቀበለው» አለች። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ቦታ ቀየርን።

ብዙም ሳይቆይ ለጉባኤ ተጠራን። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አየነው ተነስቶ ናፍታው ውስጥ ውሃ መገኘቱን፣ ይህም አሻጥር መሆኑን፣ ነዳጁን የሞላሁት እኔ መሆኔን ተናገረ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ስንቱን ከቤቱ አስወጥቶ አስቀርቷል። ከማናውቃቸው አንዱ እኔን፣ «እሑድ እሑድ የት ነው የምትውለው?» አለኝ። ጥያቄው ከናፍታው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ገባኝ።

መልስ ሳልሰጥ ጋሽ ታደሰ ከወንበሩ ተነሳ።

«ልጁን ተዉት» አለ። «የበርሜሉን ክዳን ማስጠበቅ የኔ ፋንታ ነበር፤ ሳላይ ቀረሁ። መሬቱ ረጥቦ ሳለ ሥራ ይጀመር ያልኩትም እኔ ነኝ። የእርጅና ስሕተት ነው። አሻጥር የሚሠራ ሰው የራሱን ብረት አይቀብርም።»

አየነው ቀና ብሎ አላየውም። የጋሽ ታደሰ ቃል እሱንም አድኖታል። ጋሽ ታደሰን ከቁፋሮ አንስተው ዕቃ ቤት አስገቡት፤ ብሎንና ጎማ እንዲያድል። እኔ በማስጠንቀቂያ አለፍኩ። አየነው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

ጥርጣሬዬ ግን ባሰ። ያን ሁሉ በራሱ ላይ የወሰደው ለምንድን ነው? ወድዶኝ ነው? ወይስ ከእነሱ ጋር ተስማምቶ፣ ይበልጥ አምኜው እንድናገር? ለሳምንታት ዕቃ ቤቱን በሩቁ እያለፍኩ ከረምኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብሎን ማውጣት ግድ ሆነብኝና ገባሁ። ብቻውን ነበር። መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ጋሽ ታደሰ፣» አልኩት፣ «የጣቱን ነገር ለአየነው የነገሩት እርስዎ ነዎት?»

አልካደም።

«ወደ በረሃ ከመውረዳችን በፊት ጠራኝ» አለ። «ስለ እያንዳንዳችሁ ጠየቀኝ። ስለ ሳሙኤል አላውቅም ብዬ ብነግረው አያምነኝም፤ አብረን የኖርን ነን። ‹ካልነገሩኝ እርስዎም ከእሱ ጋር አንድ ነዎት› አለኝ። ልጆች አሉኝ፣ ሳሙ። አንድ ነገር መስጠት ነበረብኝ። እሑድ የት እንደምትውል አውቃለሁ፤ ቅቤ ሻጯንም አውቃታለሁ። እሷን ልስጠው? ፈልጌ ፈልጌ የልጅነትህን ጨዋታ ሰጠሁት። ዝናብና ጣት ማንን ይጎዳል ብዬ።»

«እሱን ይዞ ነው የመጣብኝ።»

«አየሁ» አለ። «ጋቢና ውስጥ አብሮህ ሲቀመጥ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለኝም።»

ቆሜ ቀረሁ። ብቆጣ አባቴን የመቆጣት ያህል ነው፤ ዝም ብል ያልተቀየምኩ ይመስላል። ግን እጆቹን ሳያቸው፣ ገመድ ያልያዙ ባዶ እጆቹን፣ የሆነ ነገር ልሰጠው ፈለግሁ። እንደማምነው የሚያውቅበት ነገር። ወደ ጠረጴዛው ተጠግቼ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ጋሽ ታደሰ፣ አሁን የምንገናኘው...»

እጁን አነሳብኝ።

«አትንገረኝ» አለ። «ደግመው ቢጠሩኝ የምሰጣቸው ሌላ ትምህርት ቤት የለኝም።»

ከዚያ ተነስቶ የመጣሁበትን ብሎን ከመደርደሪያው አወረደልኝ።